ያላልኩት «አዎ»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰው ሲጠይቃችሁ «አዎ» የምትሉት በምንድን ነው? በአፋችን እንዳትሉኝ። ግማሹን ጊዜ አፋችሁን አትከፍቱም። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋላችሁ፣ አለቀ፤ ጠያቂው ገብቶታል። ድንገት ስትደነግጡስ? ያንኑ ትንፋሽ ነው የምትስቡት። እኔ ይህን ልብ ያልኩት አንድ ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ሰናይት በሉኝ። ስሙን ሁሉ ቀይሬዋለሁ፣ የራሴንም ጭምር። ያኔ መገናኛ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነበርኩ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሰፈር ውድድሮች ላይ የመስመር ዳኛ። በሥራ ቀን የፍሬን ሸራ እየሸጥኩ ከሹፌር ጋር እከራከራለሁ፣ በዕረፍት ቀን ባንዲራ ይዤ ከተመልካች ጋር። ምላሴ ቀላል አይደለም። ከመስመሩ ጀርባ «ወጥሽ እንዳያር!» እያለ የሚጮህ ጎረምሳ ሲገጥመኝ፣ በዕረፍት ሰዓት ጠጋ ብዬ «አንተ ጥደኸው መጥተሃል መሰለኝ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ትላለህ» እለዋለሁ። ጓደኞቹ ይስቁበታል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ያልፋል።

ዳኝነትን ያስተማሩኝ ጋሽ ዘውዱ ናቸው። ቀበና ወንዝ ዳር ተወልደው ያረጁ ጡረተኛ፣ ጭቃ ሜዳ ላይ እንኳ ጫማቸው የሚያበራ ሰው። «የሰፈር ዳኛ ደመወዝ የለውም፤ ያለው ስም ነው» ይላሉ። ከየጨዋታው በፊት ሁለታችንን የመስመር ዳኞች ዛፍ ሥር ሰብስበው ያንኑ ትእዛዝ ይደግሙልናል።

«ባንዲራ ማንሳት ማንም ያውቃል። እኔ ካልጠየቅኩ እንዳትናገሩኝ። ስጠይቅ ደግሞ አንድ ቃል፤ አዎ ወይ አይደለም። ስብከት አልፈልግም።»

አንድ ቀን ደፈር ብዬ «እርስዎ ያላዩትን እኔ ካየሁስ፣ ጋሼ? መቼ ነው የማርምዎት?» አልኳቸው።

«በሰው ፊት?» ብለው ቆጣ አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ጨዋታው እንደገና ሳይጀመር። ከተጀመረ በኋላ መላእክት ቢመሰክሩም አይመለስም» አሉኝ። እወዳቸው ነበር። አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁት ይሆናል፣ የእሳቸው ቁጣ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር።

የዚያ ክረምት ውድድር ፍጻሜ የላምበረት ጫኝና አውራጆችን ከአያት ኮንዶሚኒየም ልጆች ጋር አገናኘ። ሜዳው እንጦጦ ሥር ነው፤ በአንድ በኩል ባሕር ዛፍ፣ በሌላው በኩል ገደል። ለአሸናፊው ዋንጫና አንድ ሙክት ተዘጋጅቷል። ሙክቱ ከጎሉ ጀርባ ታስሮ ስለ ምን እንደሚጮኽ ሳይገባው ሣሩን ይግጣል።

የላምበረት በረኛ ማርቆስ ይባላል። ከወላይታ መጥቶ ላምበረት አውቶቡስ ተራ ላይ ሻንጣ የሚሸከም፣ አንገቱ የበሬ፣ ሳቁ የሕፃን የሆነ ልጅ። ሰዓት በመግደል ደግሞ የታወቀ ነው። ቡድኑ መምራት ሲጀምር ንፋስ ይጥለዋል። ያን ቀንም አንድ ለባዶ እየመሩ ሁለቴ ወድቆ ተንከባለለ። በሁለተኛው ጋሽ ዘውዱ አጠገቡ ቆመው ሰዓታቸውን ሲያዩ፣ እሱ መሬት ላይ እንደተኛ ወደ እኔ ዞሮ በአንድ ዓይኑ ጠቀሰኝ። ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን አዞርኩ።

ከዕረፍት በኋላ ጉሙ ከተራራው ወረደ። መጀመሪያ ባሕር ዛፉን ዋጠው፣ ቀጥሎ የማዶውን ጎል። ትርፍ ኳሷ ገደል ገብታ የሚያመጣት ጠፍቶ ነበርና በቀረችው አንድ ኳስ ነበር የምንጫወተው። ጨዋታው ይቁም የሚል ግን አልነበረም፤ ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው።

የአያት ልጆች በእኔ በኩል የማዕዘን ምት አገኙ። ኳሷ ዝቅ ብላ መጣች። ማርቆስ ተወርውሮ ያዛት። የአያቱ ረጅም አጥቂ ሊመታት እየሮጠ ነበርና ጉልበቱ ማርቆስን ከጆሮው ኋላ አገኘው። ሆን ብሎ አይደለም፤ ይህን ዛሬም እመሰክርለታለሁ። ድምፁን ግን ሰማሁት። ማርቆስ ኳሷን እንዳቀፈ ቀረ።

ጋሽ ዘውዱ ፊሽካ ነፉ። አይተውታል ብዬ ባንዲራዬን አላነሳሁም። ለካ እሳቸው ከተጫዋቾቹ ክምር ኋላ ሆነው ያዩት ማርቆስ ለሦስተኛ ጊዜ መተኛቱን ብቻ ነው። ተናደው፣ ቢጫ ካርዳቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው ወደ እኔ፣ ጀርባቸው ወደ ጎሉ።

«ሰናይት! ይሄ ሰውዬ ቲያትሩን ነው አይደል?»

ልክ በዚያች ቅጽበት፣ ከትከሻቸው በላይ፣ ማርቆስ ሲነሳ አየሁት። ኳሷን መሬት ላይ አስቀመጣት። ለሜዳው ጀርባውን ሰጠ። ፊቱን ወደ ባዶው መረብ አዞረ፣ ጉልበቱን አጠፍ አደረገ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ። ከመረቡ ውስጥ ኳስ እንዲመጣለት ይጠብቅ ነበር።

ትንፋሼ ወደ ውስጥ ገባ።

«ጎበዝ» አሉኝ ጋሽ ዘውዱ፤ ዞረው ሄዱ።

እሳቸው ሲዞሩ የማርቆስ የልብ ጓደኛ ተከላካዩ አበራ፣ ትከሻውን ይዞ ወደ ሜዳው አዙሮት ነበር። «ኧረ ዛሬስ አበዛኸው!» እያለ ይስቃል። ሕዝቡም ይስቃል። ማርቆስ ሊያሳቃቸው የፈለገ ነበር የመሰላቸው። ቢጫ ካርዱ ወጣ። ባንዲራዬን አንስቼ አውለበለብኩ። ጋሽ ዘውዱ አዩኝና በእጃቸው አውርጂ አሉኝ። «ጋሼ! ልጁን ይዩት!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል? ከኋላዬ ከበሮ ይመታል፣ ፉጨት ነው፣ ዘፈን ነው።

ጨዋታው ቀጠለ። ማርቆስ ኳሷን መታት፤ መታት ከተባለ። ገፋት። የአያቱ አጥቂ እግር ሥር ሄዳ ቆመች፣ እሱም ወደ ጎል ላካት። ማርቆስ ቋሚውን ተደግፎ ኳሷ አጠገቡ ስታልፍ አላያትም።

አንድ ለአንድ።

ከላምበረት ደጋፊዎች በኩል አንድ ድምፅ «በላ!» አለ። ከዚያ ሁሉም ተቀበለው። «ሸጠን! በላ! ሸጠን!» አበራ እየሮጠ መጣና ማርቆስን በጥፊ መታው፣ ደረቱን ገፋው። ማርቆስ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ቋሚውን መልሶ ያዘ። ስልክ ይዘው የሚቀርጹ ነበሩ። የተቀረጸው ይኸው ነው፤ ጉም፣ ያልተንቀሳቀሰ በረኛ፣ ጎል፣ ጥፊ።

የመስመር ዳኛ ሳይጠራ ሜዳ አይገባም። ገባሁ። ጋሽ ዘውዱ መሐል ላይ ጨዋታውን ሊያስጀምሩ ፊሽካውን አፋቸው አድርሰዋል።

«ያቁሙት ጋሼ! ልጁ ራሱን አያውቅም። በጉልበት ተመቷል፤ አይቻለሁ!»

«ጠይቄሻለሁ» አሉኝ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ ሰው እንዳይሰማ። «አዎ ብለሽኛል።»

«አላልኩም!»

«በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ውጪ።»

«ደንግጬ ነው እንጂ አላልኩም፣ ጋሼ!»

«ሰናይት፣ አታዋርጂኝ። ውጪ።»

ዓይናቸውን ሳየው ገባኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሉት ነገር ነው። ያን ጊዜ ያደረግሁትን አስቤ አላደረግሁትም፤ ጎንበስ ብዬ ኳሷን አነሳሁና ታቅፌ ወደ ላምበረት ጎል መሄድ ጀመርኩ። ሌላ ኳስ የለም። ሕዝቡ ሰደበኝ፣ አንዱ የውኃ ፕላስቲክ ወረወረብኝ። ከኋላዬ ፊሽካው ሲነፋ፣ ደግሞ ሲነፋ እሰማለሁ። አልዞርኩም።

ማርቆስ ቋሚው ሥር ተቀምጦ ነበር። ኳሷን ሰጠሁት። ተቀበለኝና ጭኑ ላይ አስቀመጣት። ከጆሮው በስተኋላ እንደ እንቁላል አብጧል። ከታች ወደ ላይ ሲያየኝ አንዱ ዓይኑ ጠፍቶ ሌላው የበራ ይመስል ነበር።

«እትዬ፣ ስንት ለስንት ነን?» አለኝ።

«አንድ ለባዶ» አልኩት። «እየመራችሁ ነው።»

ፈገግ አለ። ከዚያ አስመለሰውና በጎኑ ተጋደመ።

በሚኒባስ ወደ ሆስፒታል ስንወስደው እኔና አበራ አብረነው ነበርን። አበራ የማርቆስን እግር ጭኑ ላይ አድርጎ መንገዱን ሙሉ «ማሬ፣ ተነስ በቃ፣ ይበቃሃል» ሲለው ነበር፤ ቲያትሩን እንዲያቆም እንደሚለምነው። ማርቆስ በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ሞተ። ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም መፍሰሱን ነገረን። በየትኛው ምት እንደሆነ ስጠይቀው «ያንን በእርግጠኝነት ልነግርሽ አልችልም» አለኝ።

እንግዲህ ያንን ነው ሰው ሁሉ በየፊናው የፈረደው። ላምበረት አውቶቡስ ተራ ውስጥ የተወራው እንዲህ ነበር፦ ማርቆስ ጨዋታውን ሸጠ፣ አበራ ተናዶ መታው፣ ሞተ። ቪዲዮውን እየተቀባበሉ ያዩታል። ጉልበቱ የነካው አጥቂ እንኳ «እኔ ምንም አልተሰማኝም» አለ፤ ምናልባትም እውነቱን ነው። እኔ ለሰማኝ ሁሉ ተናገርኩ፤ ከጎሉ በፊት ነው የተመታው፣ ራሱን አያውቅም ነበር፣ አልሸጠም። «አንቺማ ሴት ነሽ፣ አዝነሽለት ነው» አሉኝ። አንድ የማርቆስ ሞት ሁለት ሰው ይዞ ሊሄድ ነበር። አንዱ ሌባ ተብሎ ይቀበራል፣ ሌላው ወዳጁን የገደለ ተብሎ ይኖራል።

ማርቆስ በሞተ በነጋታው ቀበና ጋሽ ዘውዱ ቤት ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ቆመው ጫማቸውን እየወለወሉ ነበር። ተቀመጪም አላሉኝ።

«ፊሽካው የእርስዎ ነው» አልኳቸው። «እኔን አያምኑኝም። ለቅሶ ቤት ይምጡና ከጎሉ በፊት ተመቶ እንደነበር ይናገሩ።»

«እኔ አላየሁማ።»

«አላየሁም ይበሉ እንጂ! ያ እኮ ይበቃል።»

ብሩሹን አስቀመጡ። «አንቺን አምኜ ነው። ጠየቅኩሽ፣ አዎ አልሽኝ።»

«ጋሼ፣ በልጁ ነፍስ ይዤዎታለሁ። ያየሁት አስደንግጦኝ ነው ትንፋሼን የሳብኩት።»

«ስንት ዘመን ሜዳ ላይ ኖሬ አዎንና ድንጋጤን ለይቼ አላውቅም?»

«በድምፅ አይለዩም!»

ብሩሹን መልሰው አነሱ። ያበራውን ጫማ ደግመው ወለወሉት። የመጣሁበትን መንገድ ወደ ላይ ስመለስ አለቀስኩ። ለማርቆስ ይሁን ለእሳቸው አላውቅም።

የለቅሶው ድንኳን ማርቆስ የተከራየበት ግቢ ውስጥ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ጴጥሮስ ሬሳውን ወደ አገሩ ሊወስድ መጥቷል፤ ዝምተኛ ሰው፣ ኮቱ ሰፍቶታል። ሰው እንዲህ በሳሳበት ድንኳን ተቀምጬ አላውቅም። የአውቶቡስ ተራው ልጆች ከግቢው ውጭ አጥር ተደግፈው ቆመዋል። አይገቡም፣ አይሄዱም። አበራ ጥግ ላይ መሬት ተቀምጦ ራሱን ጉልበቱ መሐል ቀብሯል። ጴጥሮስ ያየዋል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ደግሞ ያየዋል።

ጋሽ ዘውዱ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ገቡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጴጥሮስን «እግዜር ያጽናህ» አሉት፣ አልተቀመጡም። 

«ያን ጨዋታ የዳኘሁት እኔ ነኝ» አሉ። ከውጭ የነበሩት ልጆች ወደ ድንኳኑ በር ተጠጉ። «ወንድምህ ጨዋታ አልሸጠም። ጎሉ ከመግባቱ በፊት ራሱን ተመቶ ነበር። ጨዋታውን ማቆም ነበረብኝ፣ አላቆምኩም። እኔ ከኋላ ነበርኩ፣ ጉምም ነበር፣ አላየሁም። ይህ ልጅም» አሉ ወደ አበራ እያሳዩ፣ «የመታው ቀድሞ የተጎዳን ሰው ነው። አያውቅም ነበር።»

አበራ ቀና አለ። እኔ ተንፍሼ አላበቃሁም። ጋሽ ዘውዱ ቀጠሉ፦

«ዳኛ ያላየውን ባልደረባውን ይጠይቃል። ጠየቅኩ። አስመሳይ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አዎ አለችኝ።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ።

ጴጥሮስ ተነሳ። ወደ እኔ ሁለት እርምጃ መጣ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፣ አማርኛውን እየመረጠ፤ «እህቴ፣ እሳቸው የሚሉት እውነት ነው?»

እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑ። «አይደለም» ልል አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ቀላል አይደለም ብያችኋለሁ፤ ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ በሩ ላይ የቆሙትን ልጆች አየሁ። አንዱ ስልኩን ይዟል። «አይደለም» ካልኩ የሚሆነውን አየሁት፤ ሁለቱ ዳኞች እርስ በርስ ይካካዳሉ፣ አንዳቸው ይዋሻል፣ ምናልባትም ሁለቱም። ለራሳቸው ነው የተከላከሉት ይባላል። የጋሽ ዘውዱ ምስክርነት ሙሉ በሙሉ ይወድቃል፣ ማርቆስም ሸጠ እንደተባለ አገሩ ይገባል። አበራ አፉን ከፍቶ እያየኝ ነበር፤ ሊሰጥም ሲል ቅጠል እንደያዘ ሰው። እሳቸው የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ ከአንዲት ቃል በቀር። ያቺን ካወጣኋት ሌላው ተከትሎ ይወጣል።

«አዎ» አልኩ። በአፌ። ጮክ ብዬ።

ጴጥሮስ አየኝ። የተናደደ ቢመስለኝ እመርጥ ነበር። ከዚያ ወደ ጥጉ ሄዶ አበራን በብብቱ ይዞ አስነሳውና አቀፈው። አበራ ከወንድ ሲወጣ ሰምቼ የማላውቀውን ልቅሶ አለቀሰ። በሩ ላይ የነበሩት ልጆች አንድ በአንድ ገቡ፣ አግዳሚው ሞላ። ማርቆስን ወደ አገሩ የወሰደው መኪና ሲነሳ አውቶቡስ ተራው በሙሉ ከኋላው ሄደ። እኔን ግን በዚያ ሁሉ ሰው መሐል «እግዜር ያጽናሽ» ያለኝ አልነበረም።

ጋሽ ዘውዱ ከግቢው ውጭ ጠብቀውኝ ነበር። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ እንዲያ አድርገው አያውቁም።

«ተመስገን» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «እኔ እኮ ተጠራጥሬ ነበር፣ ልጄ። ካንቺ ጋር ከተነጋገርን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ምናልባት አላለች ይሆናል፣ ምናልባት እኔ ነኝ የገደልኩት ስል አደርኩ። አዎ ስትይ ነፍሴ ተመለሰች።»

ያን ጊዜ ልነግራቸው ይገባ ነበር የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም በየሳምንቱ እንዲህ እላለሁ። ሽማግሌው ፊቴ ቆመው እፎይ ሲሉ፣ በዓይኔ እያየሁ፣ እንዴት አድርጌ? በሜዳው ሕግ ይህን የሚመለከት አንቀጽ የለም። ባልደረባህ ሲሳሳት መቼ ታርመዋለህ ብሎ ለሚጠይቀኝ ወጣት ዳኛ፣ ዛሬ ቶሎ አርመው እላለሁ፤ ሳትጠየቅ፣ በሰው ፊት፣ ይቀየምህ። ቆይ ብለህ ካሳለፍከው፣ ማረሙ ራሱ ሌላ ሰው የሚጎዳበት ቀን ይመጣል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የትንፋሽማ ጭራሽ።

ዳኝነቱን አልተውኩም፤ ባንዲራውን ግን ተውኩት፤ አሁን ፊሽካ ነው የምይዘው። «አዎ» ስል በአፌ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ደንበኞች ምነው ትጮሂብናለሽ ይሉኛል። በሕልሜ ማርቆስ ፊቱን ወደ መረቡ አዙሮ፣ እጁን ዘርግቶ፣ የማትመጣ ኳስ ይጠብቃል፤ ስሙን ልጠራው ስል ከአፌ የሚወጣ የለም፣ የሚገባ ብቻ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ይህ ነው፤ ያን «አዎ» ብያለሁ ብዬ ለሰው ሁሉ ደጋግሜ ካመንኩ ወዲህ፣ አንዳንድ ቀን የጋሽ ዘውዱን ጥያቄ ሰምቼ እውነትም መልሼላቸው ይሆን ብዬ እጠራጠራለሁ። የፊተኛዋን ትንፋሽ እፈልጋታለሁ፣ አላገኛትም።

ጋሽ ዘውዱ አርጅተዋል፣ ዳኝነቱን ትተዋል። በየበዓሉ ሳያቋርጡ ይደውሉልኛል። እንኳን አደረሰሽ ይሉኛል፣ ጤናዬን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ። አንቺም ለራስሽ ይቅር በይ» ይሉኛል።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» እላቸዋለሁ።